ጆከር የሚጠይቀው ጥያቄ
ስለ «ዘ ዳርክ ናይት» ፊልም፣ ለቆቦ ተማሪዎቼ የቀረበ ማብራሪያ

የትኛው ፊልም?

ስለ ገጸ ባሕርይ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ካያችሁት ፊልም ሁሉ ከልባችሁ ያልወጣ ክፉ ሰው ማን ነው?» እላቸዋለሁ። ዓመት ዓመትን ቢተካም መልሱ ብዙ አይለወጥም፤ ጆከር ነው። ባትማንን የሚያነሣልኝ ተማሪ ጥቂት ነው። ፊልሙ የባትማን ሆኖ ሳለ በሰው ልብ የቀረው ባላጋራው ከሆነ፣ ለምን እንደሆነ ተቀምጦ መመርመር ይገባል። ይህን ማብራሪያ የጻፍኩት ለዚያ ነው፤ ፊልሙን እጅግ ስለምወደውም ነው።

«ዘ ዳርክ ናይት»ን ያዘጋጀው ክሪስቶፈር ኖላን ሲሆን፣ የፊልም ጽሑፉን ከወንድሙ ከጆናታን ኖላን ጋር ጽፎታል። አሜሪካ ውስጥ ሐምሌ 11 ቀን 2000 ዓ.ም. ለተመልካች ቀረበ፤ በዓለም ዙሪያም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ርዝመቱ 152 ደቂቃ ነው። ኖላን ስለ ባትማን ከሠራቸው ሦስት ፊልሞች መካከለኛው ሲሆን፣ የፊተኛው በ2005፣ የኋለኛው በ2012 እ.ኤ.አ. ወጥተዋል።

ታሪኩን ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ጎታም የምትባል ከተማ በማፊያ ተይዛለች። ሊያጸዷት የተነሡት ሦስት ናቸው፦ በሌሊት ጭምብል አጥልቆ የሚወጣው ባለጸጋ ብሩስ ዌይን፣ ማለትም ባትማን፤ በጉቦ ያልተበከለው የፖሊስ መኮንን ጂም ጎርደን፤ አዲሱ ዐቃቤ ሕግ ሃርቪ ዴንት። ሥራቸው ይሰምራል፤ የማፊያው ገንዘብ መግቢያ ያጣል። መውጫ የቸገራቸው ማፊያዎችም ፊቱን ነጭ ተቀብቶ የመጣ አንድ እንግዳ ሰው ባትማንን ልግደልላችሁ ሲላቸው እሺ ይላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማዋ የፖሊሶቹም የማፊያዎቹም አልሆነችም።

ሕግ አፍርሶ ሕግ የሚጠብቅ

ፊልሙ «ጨለማ» የሚባለው በሌሊት ስለተቀረጸ ብቻ አይደለም። ጀግናው ራሱ ሕገ ወጥ ስለሆነ ነው። ባትማን የፍርድ ቤት ትእዛዝ የለው፣ የደንብ ልብስ የለው፤ ይደበድባል፣ ሰው ጠልፎ ያመጣል። እኛ ይህን ለመረዳት አንቸገርም፤ በታሪካችን ሽፍታና ጀግና በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ብዙ ጊዜ አይተናል። ካሳ ኃይሉ በቋራ ሸፍቶ ኖረ፤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ሽፍታው ዙፋኑን ይፈልገዋል፤ ባትማን ግን ቦታውን ለሌላ ሰው ለቆ መሄድ ነው ምኞቱ። ፊቱን ሳይሸፍን በፀሐይ ብርሃን ወንጀለኛን የሚከስ ሰው ሲፈልግ ቆይቶ ሃርቪ ዴንትን አገኘ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ልዕለ ጀግና የፈረንጅ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ በ2018 እ.ኤ.አ. በስራት ደበበ በኢታን ኮሚክስ ያሳተመውን «ጀምበር»ን ፈልጉ። በአማርኛም ታትሟል፤ ባለታሪኩ ሥራ ፈላጊ የአዲስ አበባ ወጣት ነው።

አድራሻ የሌለው ሰው

ባትማን በሥዕላዊ መጽሔት የተወለደው በ1939 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጆከር በዓመቱ በ1940 ተከተለ። ከፈጠራው ጋር ስማቸው የሚነሣው ቦብ ኬን፣ ቢል ፊንገርና ጄሪ ሮቢንሰን ናቸው። ያ የማይከደን ፈገግታ የተቀዳው በ1928 ከተሠራ ድምፅ አልባ ፊልም፣ ከጀርመናዊው ተዋናይ ከኮንራድ ፋይት ፊት ነው፤ የፊልሙ ታሪክ ደግሞ የቪክቶር ሁጎ ልብ ወለድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተዋንያን ተጫውተውታል። በ1989 ጃክ ኒኮልሰን የተጫወተው ጆከር የኬሚካል በርሜል ውስጥ ወድቆ የተበላሸ ወንበዴ ነው። በ2019 ዋኪን ፊኒክስ የተጫወተው ደግሞ ድህነትና ሕመም ያጎሳቆሉት፣ ሰው ሁሉ የረገጠው ብቸኛ ነው። ሁለቱም «እንዲህ የሆነው እኮ በዚህ ምክንያት ነው» ይባልላቸዋል።

የኖላን ጆከር ግን ምክንያት የለውም። አፉ ዳርና ዳር ላይ ስላለው ጠባሳ ሁለት ጊዜ ያወራል። መጀመሪያ ሰካራም አባቴ ነው የቀደደኝ ይላል፤ በኋላ ስለ ሚስቴ ብዬ ራሴ ነኝ ይላል። ሁለቱ ታሪኮች አንድ ላይ ሊቆሙ አይችሉም። ፖሊስ ሲይዘውም በአሻራው አይገኝ፣ ልብሱ የተሠራበት ምልክት የለው፣ ኪሱ ውስጥ ከቢላዋ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አይገኝ። ካርታ የሚጫወት ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል፤ ጆከር የራሱ ቤት የለውም፣ በጎደለው ሁሉ ይገባል። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ዘሩን ብታውቀው፣ መንደሩን ብታውቀው፣ የበደለውን ሰው ብታውቀው፣ በአንዱ በኩል ትይዘው ነበር።

የከብት ዘራፊና ጆከር

የራያ ቆላ ልጆች ስለሆናችሁ የሚቀጥለው ነጥብ ከማንም በላይ ይገባችኋል ብዬ አምናለሁ። ከቆቦ ሜዳ ወደ ምሥራቅ ዞብልን ተሻግሮ እስከ አፋር ባለው አገር የከብት ዘረፋ ታሪክ አያቶቻችሁ የሚያወሩት ነው። በዘረፋው ሰው ሞቷል፣ መንደር ተፈናቅሏል፤ የሚያኮራ ነገር አይደለም። ግን ዘራፊው ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል። ከብት ይፈልጋል፤ የግጦሽ ሣርና ውኃ ይፈልጋል፤ የወንድሙን ደም መመለስ ይፈልጋል፤ በጓደኞቹ ዘንድ ወንድ መባል ይፈልጋል። የሚፈልገው ነገር ስላለ ልታነጋግረው ትችላለህ። ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ ይላካል፤ ከብት ይመለሳል፤ ካሳ ይቆረጣል። ነፍስ እንኳ ጠፍቶ ገዳይ አገር ጥሎ ሸሽቶ ሳለ፣ ቄሱና ሼሁ አብረው ገብተው ደሙን ያደርቁታል። የአስታራቂነት ጥበባችን ሁሉ የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነው፦ ማንም ሰው የሚያጣው ነገር፣ የሚሳሳለት ነገር አለው።

አሁን ወደ ፊልሙ ተመለሱ። ማፊያዎቹ ለጆከር የተስማሙለት ከገንዘባቸው ግማሹን ነው። ገንዘቡ ተገኝቶ እንደ ማሽላ ክምር ተራራ አክሎ ተቆለለ። ጆከርም በቤንዚን አርከፍክፎ እሳት ለቀቀበት። የማፊያው አለቃ ደነገጠ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲነግድ የኖረው ከሚገዛና ከሚሸጥ ሰው ጋር ነበር፤ ይህ ሰው ግን አይገዛም።

የባትማን አሳዳጊ አልፍሬድ ይህን አስቀድሞ ተረድቶት ነበር። በወጣትነቱ በርማ ሳለ የከበረ ድንጋይ ጭነት እየዘረፈ ስላስቸገረ አንድ ወንበዴ ለብሩስ ያወራዋል። በኋላ እንደታወቀው ወንበዴው የዘረፈውን ይጥለው ነበር፤ ልጅ መጫወቻ አድርጎት ሲዞር ተገኘ። ብሩስ እንዴት እንደያዙት ሲጠይቀው የአልፍሬድ መልስ ከባድ ነው፦ ጫካውን በሞላ አቃጠልነው ይላል። ብዙ ተመልካች ይህን መልስ ሰምቶ ያልፈዋል። ክፋት የሌለውን ጫካ ሳያቃጥሉ ክፉውን ሰው መያዝ ይቻላል ወይ? የቀረው ፊልም የሚታገለው ከዚህ ጋር ነው።

ፊታውራሪ መሸሻ፣ ኢያጎ፣ ጆከር

ፈተና ላይ ስለ ባላጋራ ገጸ ባሕርይ ብትጠየቁ እነዚህን ሦስት አስቡ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ የሰብለን ሕይወት ያበላሸው በዘር ኩራቱ ነው። የሥርዓቱ ልጅ ነው፤ ክፋቱ ከየት እንደመጣ ደራሲው በዝርዝር ያሳየናል፣ አልፎ አልፎም ያሳዝነናል። ጸጋዬ ገብረመድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው የሼክስፒር «ኦቴሎ» ውስጥ ኢያጎ አለ። ኢያጎ ለክፋቱ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያን ምክንያት ይሰጣል፤ በመጨረሻ ሲያዝና ሲጠየቅ ግን አፉን ይዘጋል። ጆከር የኢያጎ ዘመድ ነው። ሁለቱም ራሳቸው ከሚገድሉት ይልቅ ደጉን ሰው ገዳይ ማድረግ ያስደስታቸዋል። ኢያጎ ኦቴሎን አሳበደው፤ ጆከር ሃርቪን።

ሂዝ ሌጀር

ጆከርን የተጫወተው አውስትራሊያዊው ሂዝ ሌጀር ነው፤ የፐርዝ ከተማ ልጅ። ለዚህ ሚና መታጨቱ ሲሰማ ብዙ የባትማን ወዳጅ ተቃውሞ ነበር። እሱ ግን ሆቴል ክፍል ውስጥ ለሳምንታት ብቻውን ዘግቶ ድምፁን፣ ሳቁን፣ አረማመዱን ሠራ፤ የጆከር ማስታወሻ ደብተርም ነበረው። ፊልሙ ውስጥ ጆከር ታጋቾቹን በእጅ ካሜራ የሚቀርጽባቸው ቪዲዮዎች አሉ። እነሱን ያዘጋጀው ራሱ ሌጀር ነው፤ ኖላን አምኖ ለቀቀለት።

ፊልሙ ሳይወጣ፣ ጥር 13 ቀን 2000 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 28 ነበር። «ጆከር ገደለው» የሚለው ወሬ በእናንተም መካከል ይዞራል፤ እባካችሁ አትድገሙት። የሐኪሞች ምርመራ ያሳየው በሐኪም የሚታዘዙ የተለያዩ መድኃኒቶች ተደራርበው በድንገት እንደገደሉት ነው። ቤተሰቡም ይህን ሚና ሲጫወት ደስተኛ እንደነበረ ተናግረዋል። የትወና ሙያ ሰውን ያሳብዳል ብሎ ማመን የልጁን ድካም ከንቱ ማድረግ ነው፤ ያየነው ነገር የእብደት ውጤት ሳይሆን የሥራ ውጤት ነው። የካቲት 15 ቀን 2001 ዓ.ም. የኦስካር የምርጥ ረዳት ተዋናይ ሽልማት ሲሰጠው ወላጆቹና እኅቱ ተቀበሉለት።

ትወናውን ለማጥናት የምርመራ ክፍሉን ትዕይንት ደጋግማችሁ እዩ። ባትማን ይደበድበዋል፣ ግድግዳ ላይ ያላትመዋል፤ ጆከር ይስቃል። ጉልበተኛው አቅም ሲያጣ፣ የታሰረው ደግሞ የክፍሉ ጌታ ሲሆን በግልጽ ይታያል። ሌጀር ቃላቱን አያስጮኻቸውም። አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በሹክሹክታ ይጀምረዋል፣ መሐል ላይ ምላሱን ከንፈሩ ላይ ያዞራል፣ ከዚያ ሳይታሰብ ድምፁን ይጥለዋል።

ከስልክ ስክሪን ባሻገር

እዚህ አብዛኞቻችን ፊልሙን ያየነው በቪዲዮ ቤት ወይም በፍላሽና በቴሌግራም በተሻገረ ፋይል፣ መዳፍ በምታህል ስክሪን ላይ ነው። ኖላን ግን የተወሰኑ ክፍሎቹን በአይማክስ፣ ማለትም እጅግ ግዙፍ ስክሪን ለመሙላት በተሠራ ካሜራ ነው የቀረጸው። ጎታም ሆና የምትታየው በአብዛኛው ቺካጎ ናት። ያ በመንገድ መሐል ቆሞ የሚገለበጠው ረጅም የጭነት መኪና በኮምፒውተር የተሠራ አይደለም፤ ከተማው መሐል በእውነት ነው የገለበጡት። ዕድል ካገኛችሁ በትልቅ ቴሌቪዥን እዩት።

ትልቅ ስክሪን ባይገኝም የጆሮ ማዳመጫ ይገኛል። ጆከር ሊመጣ ሲል አንድ ቀጭን ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ልክ ክር እየተወጠረ እንዳለ፣ ሊበጠስ ሲል የማይበጠስ። ሙዚቃውን ሃንስ ዚመርና ጄምስ ኒውተን ሃዋርድ ሠርተውታል፤ ለጆከር ዜማ መስጠት አልፈለጉም። መጨረሻ ላይ ደግሞ ባትማን ጆከርን ከፎቅ ቁልቁል ሲያንጠለጥለው ካሜራው ቀስ ብሎ ይዞራል፤ የተዘቀዘቀው ሰው ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። የተገለበጠው ዓለም ለእሱ ትክክለኛው ዓለም መሆኑን ኖላን ያለ አንድ ቃል ነገረን።

ሁለቱ መርከቦች

የፊልሙ ልብ እዚህ ነው።

ጆከር ከተማዋን ካሸበረ በኋላ ሕዝቡ ይሸሻል። ሁለት የመንገደኛ መርከቦች ወንዙ መሐል ይቆማሉ፤ በአንዱ ተራ ሰዎች፣ በሌላው እስረኞች ተሳፍረዋል። በሁለቱም ሆድ ፈንጂ ተጭኗል። ለእያንዳንዱ መርከብ የሌላውን መርከብ ማፈንጃ ቁልፍ ሰጥቷቸዋል። ቀድሞ የተጫነ ይተርፋል፤ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ማንም ካልተጫነ ሁለቱንም አፈነዳለሁ ብሏል።

የጆከር ሐሳብ ሁሉ እዚህ ይጠቃለላል። እናንተ ሥርዓት፣ ሕግ፣ ሃይማኖት፣ ይሉኝታ የምትሉት ነገር ስስ ሽፋን ነው፤ ችግር ሲመጣ ትበላላላችሁ፤ እኔ ከእናንተ የማልሻል፣ የማልከፋም ነኝ ይላል። ገንዘብ የማይፈልግ ሰው የፈለገው ይህን ማስመስከር ነበር። ከብት ዘራፊውን ሽማግሌ ያሸንፈዋል ብያለሁ፤ ጆከርን ግን ሽማግሌ አያሸንፈውም። የሚያሸንፈው የተፈተነው ሕዝብ መልስ ብቻ ነው።

ምን ሆነ? በተራ ሰዎቹ መርከብ ላይ ድምፅ ተሰጠ፤ አብዛኛው እስረኞቹ ይሙቱ አለ። ይህን አትዝለሉት። ኖላን ሰውን መልአክ አድርጎ አልሳለም፤ በወረቀት ላይ ሰዎቹ ገድለዋል። ቁልፉን ለመጫን የተነሣ አንድ ሰው ግን በእጁ ይዞት ቆየና መልሶ አስቀመጠው። በሌላው መርከብ ላይ ቶሚ ሊስተር የተጫወተው ግዙፍ እስረኛ ከጠባቂው ፊት ቀርቦ ቁልፉን ተቀበለ። ተመልካች ሁሉ ሊጫነው ነው ሲል በመስኮት ወደ ውኃው ወረወረው። እኩለ ሌሊት አለፈ፤ ማንም አልተጫነም። ጆከር በፊልሙ ውስጥ በእውነት የተደናገጠው በዚህች ደቂቃ ይመስለኛል።

ፈረንጅ ሃያሲዎች ይህ ትዕይንት ሰውን አሳምሮ የሳለ፣ ከእውነት የራቀ ነው ሲሉ አንብቤያለሁ። አልስማማም፤ አለመስማማቴም ከዚሁ ከተማ የመነጨ ነው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም.፣ እንደገና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦን ሲውጣት መብራት፣ ስልክ፣ ባንክ፣ ፖሊስ የሌለበት ከተማ ምን እንደሚመስል አብዛኞቻችሁ በልጅ ዓይናችሁ አይታችኋል። ግፍ ተፈጽሟል፤ የሞቱብንን እናውቃቸዋለን፤ የሰረቀም ነበር፣ ጎረቤቱን የጠቆመም ነበር። ይህን የሚክድ ሰው ከእኔ ጋር አይነጋገር። ነገር ግን ያለውን ጤፍና ማሽላ ከማያውቀው ተፈናቃይ ጋር የተካፈለው ሰው ብዙ ነበር። የሙስሊሙ ልጅ በክርስቲያኑ ቤት፣ የክርስቲያኑ ልጅ በሙስሊሙ ቤት ተደብቋል። ማንም አላስገደዳቸውም፤ የሚያስገድድ መንግሥት በቦታው አልነበረም። የመርከቡን ትዕይንት የማየው ይህን ይዤ ነው። ክፉ ድምፅ የሰጠ ሰው ክፉ እጅ ላይኖረው ይችላል። ጆከር ያላሰበው ይህን ነው።

ቅር የሚለኝ መጨረሻ

ጆከር በመርከቦቹ ተሸነፈ፤ በሃርቪ ዴንት ግን አሸነፈ። የሃርቪ እጮኛ ሬቸል ተገደለች፣ የሃርቪም ግማሽ ፊቱ ተቃጠለ፤ ጆከር ሆስፒታል ገብቶ ነገር አስገባለት። የከተማዋ ንጹሕ ዐቃቤ ሕግ ሳንቲም እየወረወረ በዕጣ የሚገድል ሰው ሆነ። በመጨረሻም የጎርደንን ልጅ ሊገድል ሲል ባትማን ገፍቶት ወድቆ ሞተ።

እዚህ ላይ ባትማንና ጎርደን ይመክራሉ። ሕዝቡ የሃርቪን ጉድ ከሰማ ተስፋ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ሃርቪ ጀግና ሆኖ ይቀበር፣ የሠራውን ግድያ ባትማን ይሸከም ይላሉ። ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ጭምብሉን የለበሰው ሰው በውሻ እየተባረረ ይሸሻል፤ ተመልካች በዚህ መሥዋዕትነት ልቡ ይነካል። እኔም ይነካኛል። ግን ቆም ብላችሁ አስቡ፦ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ይኸው ሕዝብ ሞት ተደቅኖበት ፈተናውን አልፏል። ጆከርን ያሸነፈው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሕዝብ ስለ አንድ ሰው መበላሸት እውነቱን መስማት አይችልም ብሎ የወሰነው ማን ነው? ሁለት ሰዎች፣ በጨለማ፣ ከሬሳ አጠገብ ቆመው። ባትማን ቀደም ሲልም የከተማውን ሰው ስልክ ሁሉ መሰለያ አድርጎት ነበር፤ የራሱ ረዳት ሉሸስ ፎክስ እንኳ ይህ ለአንድ ሰው የማይገባ ሥልጣን ነው ብሎ ተቃውሞታል። የፊልሙ ጀግኖች ሕዝቡን ይወዱታል፤ አያምኑትም።

የኛ ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ ነገሩን አይሸፍኑትም። ገዳዩ ተለይቶ፣ የሆነው በሟች ወገን ፊት ተነግሮ ነው ካሳ የሚቆረጠው፤ ተሸፋፍኖ የተቀበረ ደም ከልጅ ልጅ በኋላም እንደሚነሣ ያውቃሉ። ኖላን ራሱም ይህን ሳያውቅ የቀረ አይመስለኝም። በ2012ቱ ፊልም ጎታም በሃርቪ ስም በወጣ ሕግ ስምንት ዓመት በሰላም ኖራለች፤ በዚያ ሕግ ብዙ ሰው ታስሯል። ጎርደን እውነቱን በደብዳቤ ጽፎ ኪሱ ይዞ ይዞራል፣ ደፍሮ ግን አያነበውም። ከተማዋን ሊያጠፋ የመጣው ቤን ደብዳቤውን አግኝቶ እስር ቤቱ ደጃፍ ላይ ለሕዝብ አነበበው፤ እስረኞቹንም ለቀቀ። ያን ሌሊት ቁልፉን ያልተጫኑት የጎታም ሰዎች ስለ ሃርቪ ዴንት እውነቱን የሰሙት ከጠላታቸው አፍ ነው።